ሊቁ የፈገፈገው ፕላስቲክ

የእህቴ ባል የማያውቀው ነገር የለም። የራዲዮ ሞገድ ያውቃል፣ የሆድ ቁርጠት ያውቃል፣ የጣሪያ ቆርቆሮ በየትኛው በኩል መደረብ እንዳለበት ያውቃል። ሠርቶ ያሳየን ነገር ግን የለም። እኔ ስሙን ትቼ «ሊቁ» ነው የምለው፤ እሱም አቤት ይላል። ሰው በስድቡ ሲጠሩት አቤት ይላል? እሱ ይላል።

እህቴ ላግባው ስትል ዝም አላልኩም። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ብዬ ፊት ለፊት ነገርኳት፤ «እኔን አህያ አልሽኝ?» ብላ ሦስት ወር አኮረፈችኝ። ከተረቱ ውስጥ የተሰማቻት አህያዋ ብቻ ነበረች። ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሆናቸው፣ የሚኖሩት አባዬ ቤት ነው። አባዬን እየጦሩ ነው ይባላል። ማን ማንን እንደሚጦር ፈጣሪ ይወቀው። ሊቁ ጠዋት ጠዋት ለመሥሪያ ቤቶች ፖስታ ያመላልሳል፤ ከምሳ በኋላ ሥራ የለውም፣ ዕውቀቱ የሚነሳበት እንግዲህ ያኔ ነው።

እኔ ደግሞ ሥራዬ ፕላስቲክ ነው። መስታወት የሚመስል፣ ሲወድቅ ግን የማይንኮታኮት ነገር አለ አይደል? ሰው ፕላስቲክ መስታወት ይለዋል፤ እኛ ሙያተኞቹ አክሪሊክ እንለዋለን። እሱን እየቆረጥን፣ እያጠፍን፣ እያወለወልን የሱቅ ማሳያ ሳጥንና የበር ላይ ጽሑፍ የምንሠራበት ወርክሾፕ ውስጥ አስራ ዘጠኝ ዓመት አሳልፌያለሁ። ቆራጮቹ ይቆርጣሉ፤ የተጫረው፣ የደበዘዘው፣ ሌላው ሁሉ እጁን ያነሳበት ወደኔ ይመጣል። ሙያ በልብ ነው ይላሉ። በልቡ የያዘ ይያዝ፤ እኔ የኔን በአፌም እናገረዋለሁ። እኔ ካወለወልኩት ፕላስቲክ ላይ ጭረት አገኘሁ ያለ ሰው እስከ ዛሬ የለም።

አባዬ ሰዓት ሠሪ ነው። በቤቱ የፊት ክፍል፣ መንገዱን በሚያየው መስኮት ስር፣ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ጎንበስ ብሎ ሰዓት ጠግኗል። መንገዱ አቧራ ነው፤ የተከፈተ ሰዓት ደግሞ ከአቧራ ጋር አይታረቅም። ስለዚህ እኔ ልጅ እያለሁ በገዛ እጁ ከወፍራም ፕላስቲክ መስታወት ሳጥን ሠራ፤ ሁለት ጎንና አንድ ክዳን። ክዳኑ ወደሱ ጋደል ብሎ ከላይ ይሸፍናል። እጁን በፊት በኩል ከስሩ ያስገባል፣ የነሐስ ጠርዝ ያላትን ማጉያ ዓይኑ ላይ ይሰካል፣ በክዳኑ ውስጥ አሻግሮ እያየ ይሠራል። ሰፈርተኛው እየሳቀ «የሰዓት አልጋ» ይለው ነበር። የትም ዞሮ አልድን ያለ ሰዓት እዚያ አልጋ ላይ ተኝቶ እየሠራ ይወጣ ነበር።

ረቡዕ ዕለት እህቴ ደወለች። እሷ ስትደውል መጀመሪያ ለቅሶው ነው የሚመጣው፣ ነገሩ ቆይቶ ይከተላል።

«እትዬ፣ አባዬ ሥራ ሊያቆም ነው። እሁድ የቴክኒክ ትምህርት ቤቱ አስተማሪ መጥቶ መሣሪያዎቹን ለተማሪዎቹ ሊወስድ ነው።»

«ምን ሆኖ?»

«ሳጥኑ ነዋ... ባለቤቴ...» ብላ ለቅሶዋን ቀጠለች።

«ሊቁ ምን አደረገ?»

«ሊያጸዳው ብሎ በድስት መፈግፈጊያ ዱቄት ፈገፈገው። አሁን ጉም የወረደበት ነው የሚመስለው። አባዬም በዚህ ውስጥ አይታየኝም፣ በቃኝ አለ።»

ደሜ ፈላ። በድስት መፈግፈጊያ ዱቄት! ፕላስቲክ መስታወት በደረቅ ጨርቅ እንኳን አይነካም፤ በላዩ ያለው አቧራ ራሱ ይጭረዋል። ቤንዚን ካስነካኸው ውስጡ ይሰነጣጠቃል፣ የመስኮት ማጽጃ ካፈሰስክበት ይደበዝዛል። ይሄን የማያውቅ ሰው እጁን ኪሱ ውስጥ ይክተት። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ያሉት ለማን ሆነና!

ስልኩን ዘጋሁ። አባዬን ያለ ሥራ አላውቀውም። ጎረቤቱ የነበረው ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን ለልጁ ሰጥቶ በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀመጠ፤ ዓመቱን አልደፈነም። አባዬ ከቀብሩ ሲመለስ «ሰውዬውን የገደለው ወንበሩ ነው» ብሎ ነበር። አሁን ለአባዬም ወንበር ሊወጣለት ነው፤ ያውም በሊቁ ጥፋት። እስከ እሁድ ያንን ሳጥን ካላጠራሁት አባዬን እንደምናጣው ቁልጭ ብሎ ታየኝ። አዲስ ቆርጬ ልሥራለት እንዳልል ያን ያህል ውፍረት ያለው ወርክሾፑ ውስጥ አልነበረም፤ የሚመጣው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ደግሞስ የተጫረን ማዳን ያቃተው ባለሙያ ምኑን ባለሙያ ሆነ? ፈቃድ ጠይቄ፣ ብርጭቆ ወረቀቴንና ማወልወያዬን በቦርሳ ይዤ ሐሙስ ጠዋት ሄድኩ።

አባዬ የፊት ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። ሰላም ሳልል በሩ ላይ ቆሜ ሳየው ፊቱን ወደኔ መለስ አደረገና «ማነው?» አለ።

«እኔ ነኝ፤ ሌላ ማን ይመጣል?»

«አንቺ ነሽ እንዴ! ግቢ ግቢ።»

ሊቁ ዕረፍት ላይ ነኝ ብሎ ከጎኑ ቆሟል። አባዬ ሲነሳ ክንዱን ይይዛል፣ ሲቀመጥ ክንዱን ይይዛል፣ ሻይ ሲመጣ ብርጭቆውን ከጠረጴዛ አንስቶ እጁ ላይ ያኖርለታል። ጌታ ዘንድ ያደገ ሎሌ እንዲህ አይሽቆጠቆጥም። ጥፋቱን በመሽቆጥቆጥ ሊያስረሳ ነዋ፣ ሌላ ምን ይሆናል።

ሳጥኑን አየሁት። ኧረ በስማም! ጎንና ጎኑ በትንሹ ነው የተነካው፤ ክዳኑ ግን፣ በተለይ መሃሉ፣ ወተት የፈሰሰበት ነበር የሚመስለው።

«አንተ ሰውዬ» አልኩት፣ «ለመሆኑ ድስት መስሎህ ነው?»

«ይቅርታ እትዬ። ይጸዳል ብዬ ነው።»

«ማን አጽዳ ብሎ ለመነህ? ፖስታህን ብታመላልስ ምን አለበት? አንተ እኮ ነገር ሳይበላሽ ውሎ ካደረ እንቅልፍ አይወስድህም!»

«ልክ ነሽ።»

እንዲህ ነው እሱ። ልክ ነሽ ይልሻል፣ ስድብሽ እጅሽ ላይ ይቀራል። አባዬም ከወንበሩ ተቀበለኝ፦ «ተይው ልጄ፣ እሱ ምን ያውቃል! ይሄ ደንቆሮ ነው ሥራዬን ያስጣለኝ። ዓይኔ እንደሆነ ደህና ነው፣ በዚህ ውስጥ ግን ማን ያያል?» እሰይ አልኩ በልቤ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ልጄ ልጄ ሲለው የኖረ ሰው ዛሬ ገና ገባው።

«አባዬ፣ እስከ እሁድ እንደ አዲስ አደርገዋለሁ። አስተማሪውን ሻይ አጠጥተህ ባዶ እጁን ትመልሰዋለህ።»

አባዬ ጉልበቱን በእጁ አሸት አሸት አደረገና «ልልፋ ካልሽ ልፊ» አለ።

ክዳኑን ፈትቼ ወደ ጓሮ ስወጣ ሊቁ ተከተለኝ። «እትዬ፣ ባይነካ አይሻልም? አርጅቷል እኮ፣ ይሰበራል። አባባም ቢሆኑ ምናልባት ማረፍ ፈልገው ይሆናል...»

አሃ! ገባኝ። የፊቱን ክፍል ፈልጎ ነው። አባዬ መሣሪያውን ካስረከበ ክፍሉ ባዶ ይሆናል፤ የኛ ሊቅ ደግሞ እዚያ ውስጥ ቁጭ ብሎ ለሰፈሩ ራዲዮ ሊፈታ ነው፤ ፈትቶም አይገጥምም። «ማረፍ የሚያምርህ አንተ ነህ» አልኩት፤ «ሂድና ባልዲ ውሃ አምጣልኝ፣ እሱን እንኳን ሳትደፋው።» አመጣ። ግማሹን ግን ደፍቶታል።

ሥራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና አጥቦ፣ አቧራውን አባሮ፣ በጥፍር መዳሰስ ነው። ጥፍር ካልያዘው ጭረቱ ላይ ላዩን ነው፣ በማወልወያ ብቻ ይለቃል። ጥፍር ከያዘው በብርጭቆ ወረቀት ነው፤ ያውም በውሃ፣ ከሻካራው ተነስቶ ወደ ለስላሳው። ደርቆ ከተፈገፈገ ይሞቃል፣ ከሞቀ ላዩ ይቀልጣል። አንዱ ወረቀት ወደ ጎን ከሄደ ቀጣዩ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል፤ የፊተኛው ጭረት ሁሉ መጥፋቱ የሚታወቀው እንደዚያ ነው። መጀመሪያ ላይ ፕላስቲኩ ይብስበታል፣ ይደበዝዛል፣ ይነጣል፤ ልቡ የማይችል ሰው እዚያ ላይ ይተወዋል።

ጎንና ጎኑ ጥፍር አልያዙም። ሊቁ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ «ለእንዲህ ያለው የጥርስ ሳሙናም ይሠራል ይላሉ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ለቀጭን ጭረት ይሠራል። በዕድሜው አንዴ ልክ ተናገረ፤ ይሄ ደግሞ ከስህተቱ ሁሉ በላይ አናደደኝ። ማወልወያዬን በንጹህ የጥጥ ጨርቅ እያዞርኩ ሐሙስን በነሱ ጨረስኩ።

ዓርብ ክዳኑን ያዝኩ። ውሃ አፍስሼበት ወደ ፀሐይ ጋደል ሳደርገው ከዱቄቱ ጭረት ስር ሌላ ጭረት አየሁ። የዱቄቱ ክብ ክብ እየሠራ የትም የዞረ ነው። ይሄኛው ግን አጫጭር፣ ጎበጥ ጎበጥ ያለ፣ የተቆረጠ ጥፍር የሚያህል ነው፤ አንድ ቦታ ላይ፣ አባዬ በሚቀመጥበት በኩል መሃል ላይ፣ በመቶ የሚቆጠር ተደራርቧል። ጥፍሬን ይዞ አላሳልፍ አለ። ይሄን ዱቄት አይሠራውም፤ ብረት ነገር ነው።

«ና እዚህ» አልኩት ሊቁን። «ይሄን ደግሞ በምን ሠራኸው? በጠርሙስ ቆርኪ?»

ጎንበስ ብሎ አየ። ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ «አዎ» አለ፣ «በቆርኪ። ዱቄቱ አላወጣ ሲለኝ በቆርኪ ፋቅሁት።»

በቆርኪ! እስቲ አስቡት፣ አንድ ጎልማሳ ሰው፣ ሚስት ያለው፣ መንግሥት ፖስታ አምኖ የሚሰጠው ሰው፣ ጎንበስ ብሎ ፕላስቲክ በቆርኪ ሲፍቅ! ስድብ አለቀብኝ። አስራ ዘጠኝ ዓመት ስንት ጉድ አይቻለሁ፤ በምስማር ስማቸውን የጻፉበትን አይቻለሁ፤ ቆርኪ ግን ለእሱ ተጠብቆ የቆየ ነበር። እህቴ ልብስ እያሰጣች ሰምታ አንገቷን ደፋች። ለሷም አዘንኩላት፤ ትንሽ ግን ደስ አለኝ።

ዓርብን ሙሉ፣ ቅዳሜን እስከ ማታ ፈገፈግሁ። ያ የጥፍር ቁራጭ የሚመስለው ነገር እንደ ባለቤቱ ችክ ያለ ነበር። አባዬ ወንበሩን ጓሮ አስወጥቶ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ያዳምጠኛል። ወረቀት ስቀይር «አሁን ቀጠነ» ይለኛል። እንደገና ስቀይር «አሁን ደግሞ ሐር ሆነ» ይላል። አንዴም አልሳተም። የባለሙያ ጆሮ ማለት ይሄ ነው ብዬ ኮራሁ። አንድ ጊዜ ግን «ይጠራ ይሆን?» አለኝ።

«ይጠራል አባዬ። ምን ትጠራጠራለህ?»

«አይ፣ እንዲያው ነው። ሳይጠራ ቢቀርም እንዳትናደጂ። ፕላስቲክ ነው።»

ሊያጽናናኝ መስሎኝ እጄን አበረታሁ። ቅዳሜ ማታ ክዳኑን አንስቼ በሱ ውስጥ የጎረቤቱን አጥር ሳየው የእንጨቱ ጉጥ ሳይቀር ይቆጠራል። እህቴን ጠራኋት፣ አየች፣ አለቀሰች። ሊቁም መጣ፣ አየ፤ ባልዲውን ይዞ ሄደ። ቅናት ነው አልኩ።

እሁድ ጠዋት ክዳኑን ገጠምኩት። አስተማሪው ሳይመጣ እንሞክረው አልኩ። አባዬ ሻይ ልጨርስ አለ፣ ሻዩ ካለቀ በኋላ እጄን ልታጠብ አለ፣ እጁን ታጥቦ ሲመለስ ደግሞ ማጉያዬ የት አለች አለ። ፊት ለፊቱ ነበረች። ሊቁ አንስቶ እጁ ላይ አኖረለት።

ተቀመጠ። አንዲት የሴት የእጅ ሰዓት ከፍቼ ሳህኑ ላይ አኖርኩለት። እጆቹን ከክዳኑ ስር አስገባ፣ ማጉያዋን ዓይኑ ላይ ሰካ፣ ጎንበስ አለ። ትንሽ ቆየና ይበልጥ ጎንበስ አለ። ከዚያም ይበልጥ። ቀጭ አለ። የማጉያዋ የነሐስ ጠርዝ ክዳኑን ነካው። አባዬ ግን አልተመለሰም፤ እዚያው ላይ ተጭኖ ፊቱን ወደ ግራ ወደ ቀኝ አንቀሳቀሰ። ወረንጦው የሰዓቷን ብሎን ፈልጎ ከጎኗ ያለውን ባዶ ሳህን ይነቁራል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።

ቀና ሲል ክዳኑ ላይ አንድ አዲስ ጭረት ቀርቷል። አጭር፣ ጎበጥ ያለ፣ የተቆረጠ ጥፍር የሚያህል። ሁለት ቀን ሙሉ ስፍቀው የከረምኩት እሱ ነበር።

«ቆይ» አለ አባዬ፤ «ቆይ፣ ብርሃኑ ነው።»

እግሬ ወደ ወጥ ቤት ወሰደኝ። ሊቁ ተከትሎኝ ገባና በሩን ገፋ አደረገው። እህቴ ውጪ ደጁን እየጠረገች ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት።

«ሐኪም ቤት የወሰድኳቸው የዛሬ አራት ወር ነው። ሁለቱም ዓይን ነው። ከኋላ ያለው ነርቭ ሞቷል፣ የሄደው አይመለስም አሉ። ጠብታ ሰጡን፣ የቀረችውን ለማቆየት ያህል። ነርቭ ማለት እኮ እትዬ እንደ ሽቦ ነው፣ አንዴ ከ...»

«ተው!» አልኩት። እዚያም ቦታ ላይ ማስተማሩን አልተወም። «ለምን አልነገርከኝም?»

«አስምለውኛል። ለማንም እንዳትናገር አሉኝ፤ ላንቺ ደግሞ በተለይ አሉኝ። ‘እሷ ከሰማች ዝም አትልም፣ ልጠግነው ብላ ትነሳለች’ አሉ።» እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «ዓይኑ የጠፋ ሰዓት ሠሪ ከምባል ሞት ይሻለኛል ይላሉ። ሰው ይሄን ካወቀ እስከዛሬ የጠገኑትን ሁሉ ይጠራጠራል፣ ስማቸው ይሄዳል። አንድ ቀን ‘ይሄ ፕላስቲክ ነው የማያሳየኝ’ ሲሉ ሰማሁ። ሳየው የማጉያዋ ጭረት ሞልቶበታል። አንቺ ደግሞ መጥተሽ ካየሽው ታውቂዋለሽ፣ የጭረት ሰው ነሽ። ስለዚህ በዱቄት ደባለቅሁት። እሳቸው ሰደቡኝ፣ እኔ ተሰደብኩ፣ አለቀ።»

«ቆርኪውስ?»

«ቆርኪውን አንቺ ነሽ ያልሽው።»

እኔ የጭረት ሰው! በእጄ ዳስሼው፣ በፀሐይ አይቼው፣ ብረት ነው ብዬ፣ የት ቦታ እንዳለ አይቼ፣ ከዚያ ቆርኪ አልኩ። እሱን ለመናቅ ስቸኩል አባቴን ሳላየው ቀረሁ። ማነው ሲለኝ፣ ብርጭቆ እጁ ላይ ሲያኖሩለት፣ ወረቀቱን በጆሮው ሲለይ፣ ሁሉንም አየሁ፣ አንዱንም አላወቅሁም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። አባዬ ለመሸሸጊያ የያዛትን አንዲት ነገር በሁለት ቀን አጥቤ፣ አወልውዬ፣ ፊቱ ላይ ገጠምኩለት። ራሴን በጥፊ ማለት አማረኝ። የሊቁን ፊት ማየት ግን አልቻልኩም፤ ሲታገሥ ደግሞ ይበልጥ ያናድዳል።

ምን እናድርግ ሳንባባል በሩ ተንኳኳ። አስተማሪው ነው። ደህና ሰው ነው፣ ወሬው ግን ማቆሚያ የለውም፤ ገና ሳይቀመጥ ሳጥኑን አይቶ ጮኸ።

«ጌታዬ! ይሄ ነው ደበዘዘ የተባለው? ይሄ እኮ አየር ነው፣ የለም ብዬ እጄን ልከት ነበር! እንዲህ ያለ ዕቃ ይዘው ነው ሥራ የሚያቆሙት? እኔ መሣሪያ አልወስድም፣ ግፍ ነው። ይልቅ መጣሁ አይቀር፣ አንዴ ሲሠሩ ልይ።»

«ይሥራ ይሥራ!» አለች እህቴ እያጨበጨበች። እሷ ምንም አታውቅም።

አባዬ ሳጥኑ ፊት እንደተቀመጠ ነው። እጆቹ ከክዳኑ ስር ናቸው። ወረንጦው ሳህኑን ገፋው፣ ብሎኗም ከሳህኑ ወርዳ መሬት ላይ ጠፋች። አልሰማም መሰለኝ፤ አሁንም ባዶውን ሳህን ይፈልጋል። ሊቁ አፉን ከፈተ፤ የሚለው ግን አልነበረውም። የሚለውን ሁሉ እኔ በውሃና በብርጭቆ ወረቀት አጥቤ ወስጄበታለሁ።

«አይሠራበትም» አልኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ።

«አበላሽቼዋለሁ። መሃሉን አብዝቼ ፍቄው ሰርጉዷል።»

«ኧረ ጥርት ያለ ነው!» አለ አስተማሪው።

«ጥራቱ አያታልልህ። አንድ ቦታ ላይ ከተደጋገመ ፕላስቲኩ ይጎደጉዳል፤ በሱ ውስጥ የሚታይ ነገር ይዋኛል፣ ብሎኗ ካለችበት ሌላ ቦታ ነው የምትታየው። ለሱቅ ማሳያ ይሆናል። ለሰዓት ግን አይሆንም፣ ማንም ቢቀመጥበት አይታየውም።»

ይሄ ሥራ በጀመሩ በሳምንታቸው ያሉ ልጆች የሚሠሩት ስህተት ነው። ስንቱን በዚህ ሰድቤ አስለቅሻለሁ። አስተማሪው ጎንበስ ብሎ በክዳኑ ውስጥ አየ፤ አንዴ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንዴ ገልጦ። ክዳኑ ሜዳ ነው፤ ፀጉር የምታህል ስርጉድ የለበትም። ግን አላውቅም ማለት የሚያንቀው ሌላ ሊቅ ነበርና «እ... አዎ» አለ፣ «ልክ ነሽ፣ ትንሽ ይዋኛል።»

አባዬ እጆቹን ቀስ ብሎ ከሳጥኑ አወጣ። ቀና አለ። ፊቱ ላይ ደም ተመለሰ።

«እኔም እኮ ምን ነካኝ እያልኩ ነበር!» አለ። «አስራ ዘጠኝ ዓመት! አስራ ዘጠኝ ዓመት ፕላስቲክ ስትፍቂ ኖረሽ የአባትሽን አንዲት ክዳን ታበላሺ? ያኛው ደንቆሮ በዱቄት ጀመራት፣ አንቺ ጨረስሻት! ለመሆኑ ማነው አንቺን ባለሙያ ያለሽ?»

«ጥፋቴ ነው አባዬ።»

«ጥፋትሽ ነው! ተይው ይቅር ስልሽ መች ሰማሽኝ! እጅሽን ሰብስቢ ብሎ የሚነግርሽ ሰው ጠፋ?»

እህቴ አፏን ይዛ ታየኛለች። ዕድሜዋን በሙሉ እኔ ስሳደብ እንጂ ስሰደብ አይታኝ አታውቅም። አባዬ ድምፁ ከፍ ባለ ቁጥር ወገቡ ይቀና ነበር፤ እኔም ቆሜ ሁሉንም ተቀበልኩ። ሊቁ ወለሉን እያየ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተሸከመው ስድቤ ክብደቱ ያኔ ነው የገባኝ፣ ያውም ለእኔ አንዲት ቀን ናት።

ሲበቃው አባዬ ወደ መሣሪያዎቹ ዞረ። አንድ በአንድ በእጁ እያነሳ፣ ስማቸውን እየጠራ ለአስተማሪው አቀበለው፤ ወረንጦውን፣ ካቻቢቴዎቹን፣ ዘይት ማንጠብጠቢያዋን። በመጨረሻ ማጉያዋን ሰጠው።

«ተማሪዎቹ ለምን ተወው ብለው ይጠይቁሃል» አለው። «ዓይኑ ደክሞ ነው እንዳትላቸው። ዓይኔ ደህና ነው። የምሠራበትን ሳጥን ልጄ አበላሽታብኝ ነው በላቸው። ትላለህ?»

«እላለሁ ጌታዬ» አለ አስተማሪው፣ እኔን ከእግሬ እስከ ራሴ በንቀት እያየኝ።

«ንገራቸው» አልኩት። «ስሜንም ጨምረህ ንገራቸው።»